እድር ለቀብር ብቻ ነው እንዴ? የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው የሚያስታምሙ አንባቢዎች ይጠይቃሉ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። እናት፣ አባት ወይ ሚስት አልዛይመር (በጣም የተለመደው የመርሳት በሽታ ዓይነት) ይዟቸው ቤት ውስጥ የሚያስታምሙ ሰዎች ናቸው የጻፉልን፣ ሁሉም ስለ በሽተኛው ጀምረው መጨረሻ ላይ ግን የሚያወሩት ስለራሳቸው ብቸኝነት ነው። ስለዚ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አቆይተን ዛሬ ቦታውን በሙሉ ለነሱ ሰጥተናል። ስም አንጠቅስም፣ ከተማ ብቻ።

ጥያቄ፦ እማዬ አልዛይመር ነው ከተባለች አራት ዓመት ሆናት። የመጨረሻ ልጅ እኔ ነኝ፣ 38 ዓመቴ ነው፣ ስራዬን ለቅቄ ነው ማስታምማት። ሁለት ወንድሞቼ አንዱ ዳላስ አንዱ ዱባይ ናቸው፣ ብር ይልካሉ አልዋሽም፣ ከዛ ውጪ ግን «አይዞሽ በርቺ» ብቻ ነው። ጎረቤት መጀመሪያ ይመጣ ነበር፣ አንድ ቀን የፊት ለፊታችንን ሴትዮ «ወርቄን የሰረቅሽኝ አንቺ ነሽ» ብላ ጮኸችባት፣ ከዛ በኋላ አንድ በአንድ ቀሩ። እድር አለን፣ በየወሩ እከፍላለሁ፣ ግን እድር ሚመጣው ሰው ሲሞት ነው። አንዳንዴ ሌሊት ደጋግማ ቀስቅሳኝ ስታበቃ ምነው በሞተች እላለሁ፣ ከዛ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ይሄን ለነፍስ አባቴ እንኳን መናገር አፍሬያለሁ። ሰው እንዴት ነው ማገኘው? (ከጎፋ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። «ምነው በሞተች» የሚለው ሀሳብ የመጣብሽ ክፉ ልጅ ስለሆንሽ አይደለም፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሀሳብ ነው፣ ለዓመታት ያስታመመ ሰው ለብቻው ሲያወራሽ ይሄንኑ ይነግርሻል። ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው። እግረ መንገድሽንም አልፎ አልፎ ቤት እየመጡ ከእማዬ ጋር ጸሎት እንዲያደርሱ ጠይቂያቸው፣ የልጆቿን ስም የረሳች እናት አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትለው ልትሰሚ ትችያለሽ፣ በልጅነት የተያዘ ነገር ቶሎ አይጠፋም። ሀሳቡ ወደ «እኔም ልሙት» ወይም «ልጉዳት» ከሄደ ግን ሳታሳድሪው አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሌላ ሆስፒታል ሂጂ፣ ይሄን ቀልድ አታድርጊው።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። ሴትዮዋ የቀረችው ሌባ ተብላ ማንም ስላላስረዳት ነው። ይሄ በሽታ ያለበት ሰው እቃውን ራሱ ይደብቅና የደበቀበትን ይረሳል፣ ሲፈልገው ያጣዋል፣ ከዛ ሰረቁኝ ይላል። በጣም የተለመደ ነው፣ ሚጠረጠረው ደሞ ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለው ሰው ነው። ዛሬ ማታ በሯን አንኳኪና ይሄን ብቻ በያት፦ «እማዬ የአንጎል በሽታ ነው የያዛት፣ ያን ቀን የተናገረችሽ እሷ አይደለችም፣ እኔ ራሴን በሳምንት ሁለቴ ሌባ ትለኛለች፣ ናፍቀሽናል»። ብዙ ቤት በሽታውን ይደብቃል፣ ጃጀች እንዳትባል፣ መንፈስ ነው እንዳይባል። እየተደበቀ ሲሄድ ሰው ሁሉ የራሱን ትርጉም ይሰጠውና ይርቃል፣ መርዳት ሚፈልገውም ምን ብሎ እንደሚገባ ግራ ይገባዋል።

ሁለተኛው ነገር ይሉኝታሽ ነው። «ምን ልርዳሽ» ሲሉሽ «አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ ምንም አልፈልግም» ትያለሽ አይደል? ሁላችንም እንደዛ ነን። በቃ እሱን ተዪውና ቀንና ሰዓት ያለው ነገር ጠይቂ። «ማክሰኞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከእማዬ ጋር ቡና ትጠጪልኛለሽ? እኔ ወጣ ብዬ ልመለስ» ስትያት ሰው እሺ ወይ እምቢ ማለት ይችላል፣ «እርዱኝ» ግን ስፋቱ ስለማይታወቅ ያስፈራል። አንዷ ማክሰኞ፣ ሌላዋ ዓርብ፣ አንድ ወጣት ደሞ ፋርማሲና ገበያ፣ ለመጀመሪያ ይሄ በቂ ነው፣ አስር ሰው አያስፈልግሽም። በሁለቱ ሰዓት ደሞ ተኚ፣ ልብስ አትጠቢበት።

እድርን በተመለከተ ልክ ነሽ፣ ደንቡ የተጻፈው ለልቅሶ ነው። ነገር ግን ደንብ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻላል። በኤችአይቪ ክፉ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመመ ጠይቀዋል፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ደግፈዋል፣ ስለዚ እድር ለቁም ሰው አይሆንም የሚል ካለ የእድርን ታሪክ አያውቅም ማለት ነው። መጀመሪያ የሴቶች እድር ካላችሁ እነሱ ጋ ሂጂ፣ እኔ በነሱ ነው ተስፋዬ። ብር አትጠይቂ፣ ብር ስትጠይቂ ነገሩ ኮሚቴ ይሄድና እዛው ያድራል። ይሄን ብቻ ጠይቂ፦ በስብሰባ ላይ አንዲት 15 ደቂቃ ስለ በሽታው እንዲነገር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም የጤና ጣቢያ ነርስ መጥታ ትንገራቸው፣ ከዛ በየሳምንቱ ሁለት ሰው ተራ እንዲገባ። እዛ ስብሰባ ላይ «የኔም አባት እንደዛ ነው» የምትል አንዲት ሴት ባትነሳ ይገርመኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በመርሳት በሽታ የተያዘው ሰው 57 ሚሊዮን እንደነበር ነው ሚለው፣ ከ60 ከመቶ በላዩ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ውስጥ ነው፣ አንቺ ያለሽበት ሰፈር ውስጥ ብቻሽን ልትሆኚ አትችይም።

ከጎረቤት ሌላ የግቢው ጥበቃ፣ የሱቁ ልጅ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው ማወቅ አለባቸው። እማዬ አንድ ቀን በር ተከፍቶ ካገኘች ትወጣለች፣ ይሄ እንደሚመጣ አድርገሽ ተዘጋጂ። ፎቶዋን አሳዪያቸው፣ «ብቻዋን ካያችኋት አትጩሁባት፣ ቁጭ አድርጋችሁ ደውሉልኝ» በያቸው፣ ስልክ ቁጥርሽን በነጠላዋ ጥለትና በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ስፊው። ጃፓኖች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባንክ ሰራተኛውን፣ ባለሱቁን፣ ተማሪውን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለዚህ በሽታ አስተምረው ብርቱካንማ አምባር ይሰጡታል፣ እንደዛ የተማረው ሰው ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። እኛ ሰፈር አምባሩ ባይኖርም ጥበቃውን ማስተማር አምስት ደቂቃ ነው።

ተራ ገብቶ ለሚመጣው ሰው ሁለት ሶስት ነገር አስጠንቅቂው። አንደኛ «ታውቂኛለሽ? እስቲ እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ነገር የለም። አገራችን ላይ ጠያቂ ሁሉ ገና ከመግባቱ እጇን ይዞ ሚጠይቃት ይሄንኑ ነው፣ እሷ ደሞ ፊቱን ታያለች፣ ትፈልጋለች፣ ታጣዋለች፣ ታፍራለች፣ አንዳንዴም ትቆጣለች። «የጎረቤትሽ ልጅ ነኝ፣ ቡና ልንጠጣ መጣሁ» ብሎ ራሱ ይንገራት። ሁለተኛ የሞተች እናቷን «የት ሄደች?» ብላ ስትጠይቅ በጠየቀች ቁጥር መርዶ አይነገራትም፣ ለሷ ሁሌም አዲስ ሀዘን ነው፣ «እስቲ ስለሷ አጫውቺኝ፣ ወጥ ስትሰራ እንዴት ነበረች?» ማለት ይሻላል። ሶስተኛ እጇ ስራ ይፈልጋል። ምስር አስለቅሟት፣ ጥጥ አስፈልቅቋት፣ ጠጠሩን ከምስሩ ብትደባልቀው ምንም አይደለም፣ ማታ ደግመሽ ትለቅሚዋለሽ። ከከሰል ምድጃ ጋር ግን ለአንድ ደቂቃም ብቻዋን አትተው።

ወንድሞችሽን በተመለከተ ብራቸውን ስም ስጪው። ዳላስ ያለው የምትቀጠር ረዳት ደመወዝ በየወሩ በቋሚ ቀን፣ ዱባይ ያለው ዳይፐሩንና መድኃኒቱን። ሌላው ደሞ ድምፃቸው ነው። ብዙ በሽተኞች ቀኑ መሸት ሲል ይረበሻሉ፣ «ልሂድ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ» እያሉ በር በር ይላሉ። አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ዳላስ ገና ጠዋት ነው፣ ልጁ ስራ ከመግባቱ በፊት በቪዲዮ 20 ደቂቃ ቢያዋራት፣ የድሮ ዘፈን ቢከፍትላት፣ አንቺ እራት ትሰሪያለሽ። በዓመት አንዴ ደሞ ከሁለቱ አንዳቸው መጥተው ይያዟትና አንቺ ከቤት ውጪ እደሪ። «አይመቸኝም» ካሉ ስራሽን የለቀቅሽው ስለተመቸሽ እንዳልሆነ በግልጽ ንገሪያቸው፣ ይሄን ማለት ነውር አይደለም።

በመጨረሻ እንዳንቺ ሚያስታምሙ ሶስት አራት ሰዎች ፈልጊ። ሐኪም ቤት የቀጠሮ ቀን ወረፋ ስትጠብቂ አጠገብሽ ያለችውን አዋሪያት፣ ነርሷንም ስልክሽን ለሌሎች ቤተሰቦች እንድትሰጥልሽ ጠይቂያት። በወር አንዴ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ይበቃል። ንግግር ሚያደርግ አይኑር፣ እዛ የተወራ እዛው ይቅር፣ እቁብም ሆነ መዋጮ አትጨምሩበት፣ ገንዘብ ሲገባ ያልቻለው ይቀራል፣ እሱ ነው ደሞ ሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመቱ ነው፣ መርሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት። ዘመዶቻችን መድኃኒቱን አቁሙና ጠበል እንውሰደው ይላሉ፣ እኔ እምቢ ብዬ ልንጣላ ነው። (ከጎንደር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትጣላቸው። አባትህን ይዞ ጠበል ለመሄድ ጉልበትና ጊዜ ያለው ዘመድ አንተ ስትፈልገው የነበረው ረዳት ነው እኮ። ይውሰዱት፣ አንተ ግን መድኃኒቱን በእጃቸው ስጣቸው፣ ሰዓቱን ጻፍላቸው፣ መድኃኒት እየወሰደ ጠበል ሚጠመቅ ብዙ ሰው አለ። እንደ ዶኔፔዚል ያሉት መድኃኒቶች በሽታውን አያጠፉም፣ ለተወሰነ ጊዜ ሊረዱት ይችላሉ፣ ያለ ሐኪም በድንገት ሲቆሙ ደሞ ሰውየው ሊብስበት ይችላል። በጠዋት ቅዝቃዜ የሽማግሌ ገላ ላይ ብዙ ውሃ አይፈስስ፣ ቢጠጣውና ግንባሩን ቢቀባው ይበቃል፣ ቄሱንም አማክሩ። ከሁሉ በፊት ግን በደንብ ተመርምሯል? የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ ወድቆ ጭንቅላት ውስጥ የደም መቋጠር፣ እነዚህ ሁሉ መርሳት ያመጣሉ፣ ሲታከሙ ደሞ ሚሻላቸው አሉ። «እርጅና ነው» ተብሎ ብቻ የተላከ ከሆነ ሌላ ሐኪም ጋ ውሰደው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ታመመች፣ ሴት ልጅ የለንም፣ ማጠቡንም ማልበሱንም እኔ ነኝ። ወዳጆቼ ወደ ዘመዶቿ መልሳት ይሉኛል። ጁምዓ ከቀረሁ ወራት አለፈ፣ ሰውም መቀላቀል ትቻለሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ ወዓለይኩሙሰላም መምህር። እየሠሩ ያሉት ትልቅ ሥራ ነው፣ መልሳት ሚሉዎትን አይስሟቸው፣ የለመደችውን ቤትና የለመደችውን ድምፅ ስታጣ ግራ መጋባቷ ይብሳል። በዓለም ላይ ከዚህ እንክብካቤ 70 ከመቶ ያህሉን ሰዓት ሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው ይባላል፣ ለዛ ነው ወንድ ሲያስታምም ማንም መጥቶ «ደክሞሃል ወይ» ማይለው፣ ሚስትህን ማጠብ ምን ነውር አለው ሚልዎትም ማይገኘው። እኔ ልበልዎት፣ ነውር የለውም።

የመጀመሪያ ጥያቄዎ ዓርብ ይሁን። ለኢማሙ ወይም ለጀመዓው ሽማግሌ ይንገሯቸውና ጁምዓ ሰዓት ላይ አንዲት የጎረቤት እናት ከባለቤትዎ ጋ እንድትቀመጥ ይጠይቁ። አንድ ሰው ዓርብ ዓርብ መምጣት ከለመደ እሮብም መምጣቱ አይቀርም። ድሮ አብረዎት ያስተማሩ መምህራን አሉ፣ ቤትዎ ድረስ መጥተው ሻይ ይጠጡ፣ እርስዎ መውጣት ካልቻሉ ወዳጅነቱ ወደርስዎ ይምጣ። ገላዋን ሲያጥቧት ከተቃወመች ደሞ ጠዋት ተረጋግታ ባለችበት ሰዓት ያድርጉት፣ ውሃው ለብ ይበል፣ አንሶላ አልብሰዋት ከስር ከስር በጨርቅ ያብሷት፣ ሁሉም በአንድ ቀን መታጠብ የለበትም። ሶላት ላይ ረከዓ ስትሳሳት አያርሟት፣ ግዴታዋን በተመለከተ የአካባቢዎ ሸኽ ያስረዱዎታል፣ ልብዎም ያርፋል።

ጥያቄ፦ አባቴን ከአገር ቤት ካመጣሁት ቆየ። እንግሊዝኛ ይሞክር ነበር፣ አሁን በሽታው ሲበረታ ጨርሶ ጠፋው፣ አማርኛ ብቻ ነው። ሲኒየር ሴንተር (የአረጋውያን መዋያ) ወሰድኩት፣ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነው ማገኘው። ሁለት ስራ ነው ምሰራው፣ እዚህ አገር ደሞ ጎረቤት ሚባል ነገር የለም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ በኋላ የተማረው ቋንቋ ቀድሞ መሄዱ በብዙ ስደተኛ ሽማግሌ ላይ ሚታይ ነው፣ እልህ እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ መንግስትና ድርጅት ሚሰጠውን እንይ። የአልዛይመር አሶሲዬሽን ስልክ 1-800-272-3900 ቀንም ሌሊትም ይሰራል፣ «አማሪክ» ብለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ነጻ ነው። አባትሽ ኦሪጅናል ሜዲኬር (መንግስት በቀጥታ ለአረጋውያን ሚሰጠው የጤና መድን) ካላቸው ደሞ ሐኪማቸውን ስለ «ጋይድ» ፕሮግራም ጠይቂ፣ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመርሳት በሽታ ለተያዘ ሰው ቤተሰብ ጉዳዩን ሚከታተል አንድ ባለሙያ ይመድባል፣ ለሚያሟሉት ደሞ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር አንቺ ስታርፊ ሌላ ሰው ሚይዝበትን ይከፍላል። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ያለው የመንግስት መድን) ካላቸው ሜዲካል ዴይ ኬር፣ ማለት የጤና ባለሙያ ያለበት የቀን መዋያ፣ ሊሸፈን ይችላል፣ የካውንቲው የአረጋውያን ቢሮ ጋ ደውለሽ አማርኛ ሚናገር ሰራተኛ ያለበት የትኛው እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ ባንቺ አካባቢ ይሄ ትልቅ ጥያቄ አይደለም።

ጎረቤት የለም ያልሽው ግን አልስማማም። በዲሲና በሜሪላንድ ስንት ቤተክርስቲያን፣ ስንት መስጊድ፣ ስንት የሀገር ልጅ ማህበር አለ? አዳራሽ አላቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ውስጥ ቤሬ ሚሰን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ «አልዛይመር ካፌ» ሚባል ነገር ጀመረ፣ በሽተኛውና አስታማሚው አብረው መጥተው ቡና ሚጠጡበት፣ ስለ በሽታው ሳይደበቁ ሚያወሩበት ቦታ ነው፣ ዛሬ በብዙ አገር አለ። ቡና ጠጥቶ ማውራት ለኛ ማንም ማያስተምረን ነገር ነው። አራት አምስት አባቶችና እናቶች፣ አንድ ረከቦት፣ ዳማ ወይ ገበጣ፣ የድሮ ሙዚቃ። ልጆች በተራ፣ በየቅዳሜው ሁለት ልጆች ሁሉንም ይይዛሉ፣ ሌሎቻችሁ ሄዳችሁ ተኙ ወይ ስራ ግቡ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቅዳሜ ብትሰጪ ሌላውን ቅዳሜ ታተርፊያለሽ። ለቄሱ ወይ ለቦርዱ ስትነግሪ «ፕሮግራም እንጀምር» አትበያቸው፣ «አዳራሹን ቅዳሜ ከ2 እስከ 5 ፒ ኤም ስጡን፣ ጠርገን እንመልሳለን» በያቸው።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው ምሰራው፣ የማዳም እናት መርሳት አለባቸው፣ ሌሊት አይተኙም፣ ሳጥባቸው ይመቱኛል። ቤተሰቡ «ስራሽ ነው» ይላል። ማንም ማወራው የለም። (ከኩዌት)

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ አስታማሚ ሲወራ አንቺን ሁልጊዜ ይረሱሻል፣ አረብ አገር ግን የስንት ሽማግሌና የስንት አሮጊት እጅና እግር የኛ ልጆች ናቸው። ሲመቱሽ እጃቸውን አትያዢ፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ በይ፣ ዝም በይ፣ ትንሽ ቆይተሽ ከጎን ሳይሆን ከፊት ለፊት እየታየሻቸው ተመለሺ፣ ብዙ ጊዜ ሚመቱት ማን እንደነካቸው ስለማያውቁ ደንግጠው ነው። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከተለወጡ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይ ሌላ ህመም ሊሆን ይችላል፣ ለማዳምሽ «ሐኪም ይያቸው» በያት፣ ይሄን ማለት መብትሽ ብቻ ሳይሆን ለናቷም ጥቅም ነው። የሌሊቱን ነገር ደሞ ስትናደጂ አታንሺው፣ የተረጋጋች ቀን ጠብቀሽ «ሌሊት ካልተኛሁ እናትሽን ልጥላቸው እችላለሁ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ይደርላቸው» በያት፣ ስለ እናቷ ደህንነት ሲሆን ትሰማለች። ፓስፖርትሽን ይዘውብሽ ከሆነ፣ ደመወዝ ከከለከሉሽ ወይ ቤተሰቡ ራሱ ሚመታሽ ከሆነ ግን ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለኤምባሲው አሳውቂ።

ለማውራቱ በአካል መገናኘት ባትችሉም እንዳንቺ አሮጊት ሚይዙ ሶስት አራት እህቶች አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃችኋል፣ በድምፅ መልእክት፣ አንዷ ስትነቃ ሰምታ ትመልሳለች፣ የአሰሪ ስምና የበሽተኛዋ ፎቶ እንዳይላክ ብቻ ተስማሙ። ኩዌት፣ ሳዑዲም ሆነ ቤይሩት ሆናችሁ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የምትይዙ አንባቢዎች ካላችሁ ጻፉልን፣ ፈቃዳችሁን ጠይቀን ከዚህች እህታችን ጋር እናገናኛችኋለን።